ለብቻው የተቀመጠው መቀስ

በመጨረሻዋ የሥራ ሳምንቴ አንድ ወጣት ባለሙያ ከፍየሎች ናሙና ሲወስድ ቆሜ አየሁ። ምላጩን ከፕላስቲኩ አወጣ፤ ከአንዷ ፍየል ጆሮ ጫፍ ቆረጠና ምላጩን ጣለው። ለሚቀጥለዋ ሌላ ፕላስቲክ ቀደደ። ጓንቱንም እንደዚያው። አጠገቡ ያለው የቆሻሻ መጣያ ሞልቶ ሲፈስ ማንም አልተቆጣም። በእኔ ዘመን የነበሩ አለቆች ይህን ቢያዩ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። በስንብቴ ዕለት ንግግር አድርጊ ሲሉኝ ግን ይህን አላነሳሁም፤ አመሰግናለሁ ብዬ ለስላሳዬን ጠጣሁ። ንግግር አልወድም። ዕድሜውን ስብሰባ ላይ የጨረሰ ሰው ንግግር የሚወድ አይመስለኝም። መጻፍ ይሻላል፤ ቢያንስ በየመሃሉ አጨብጭቡ የሚል የለም።

ሐረር የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ በግ እከትብ ነበር። እናቴ ሐረር ተመደብኩ ስላት በረሃ የምወርድ መስሏት አለቀሰች፤ ቀሚስ ሁሉ ስስ ስስ የሆነውን መርጣ አሰናዳችልኝ። ደርሼ ማታ ማታ ሲበርደኝ የመጀመሪያውን ደሞዜን ለሹራብ አዋልኩት። ስለ ደሞዙ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። ትንሽ ነበር፤ ሲዘገይ ግን ትልቅ ይመስል ነበር።

ላቦራቶሪው ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ከመሥሪያ ቤቶች ጀርባ የተወሸቀ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝናብ ሲመጣ ስልክ አያሰማም። የላም ደም፣ የፍየል ሳምባ፣ ከቆላ የሚመጣ የግመል ፋንድያ እንመረምራለን። ከአለቆቼ የመጀመሪያው ፊርማ የሚወድ ነበር፤ ሳሙና ለማውጣት እንኳ ሦስት ቦታ ያስፈርማል። ሁለተኛው ስብሰባ ይወድ ነበር። ስብሰባ በዛ ብለን ብናማርር ስለ ስብሰባ መብዛት ስብሰባ ጠራ። ሦስተኛው ስም የሚወድ ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችን ስም፣ የመሥሪያ ቤታችን ክብር ሳይል ውሎ አያድርም። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ከእነዚህ አንዳቸውም አይደሉም። ያስተማሩኝ አቶ ዘካሪያ ናቸው።

አቶ ዘካሪያ የላቦራቶሪው ነባር ቴክኒሺያን ነበሩ። ጀጎል ውስጥ ተወልደው፣ ጀጎል ውስጥ ኖረው፣ አሁን የተቀበሩትም እዚያው ነው። ጎረቤቶቻቸው እንደ ሐረሮች ወግ አው ዘካሪያ ይሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከግንቡ በር ወጥተው በእግራቸው ይመጣሉ፤ ባጃጅ ከተማውን ከሞላው በኋላም በእግራቸው ነበር። ቢሮ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጃቸውን መታጠብ ነው። ሲታጠቡ አይቸኩሉም። ጥፍር ሥር፣ ጣት መሃል፣ እስከ ክርን። እኔ ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እሳቸው ገና ግራ እጃቸው ላይ ናቸው።

እንስሳ ሲቀርባቸው ዘለው አይዙም። ፊት ለፊቱ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ያስሸትቱታል። ላም ከሆነች ዘለግ አድርገው በአደርኛ አንድ ነገር ይሏታል። ምን እንደሚሏት ጠይቄያቸው «ይቅርታ ነው የምጠይቃት፤ ከዚያ በላይ ምን አለኝ» አሉኝ። ጆሮ ሲቆርጡ ከጠርዙ፣ ትልቁ ደም ሥር ከማያልፍበት በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታክል ብቻ ነው። ቁራጩን ብልቃጥ ውስጥ ከተው ብዙ አልኮል ያፈሱበታል። ሥጋው ውሃ ስላለው አልኮሉን ያቀጥነዋልና በማግስቱ ያንን ደፍተው አዲስ ይሞሉታል። ስሙን በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይጨምሩታል። በእስክሪብቶ የጻፍኩ ዕለት አልተቆጡኝም፤ ብልቃጡን አንስተው ቀለሙ በአልኮሉ ውስጥ ሰማያዊ ጢስ መስሎ ሲሟሟ አሳዩኝ። ስም የሌለው ናሙና ሥጋ ቤት እንደተንጠለጠለ ሥጋ ነው ይሉ ነበር፤ ልዩነቱ አለመበላቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ ይዤ ላቦራቶሪ አልገባሁም።

አሳማ የመጣብን ሐረር ጥቂት ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ የምርምር ክፍል የአገሪቱን የዱርና የቤት አሳማዎች የዘረመል ናሙና ማከማቸት ጀመረ። ከየክፍለ አገሩ የከርከሮ፣ የጫካ አሳማና የቤት አሳማ ጆሮ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ዛሬ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነገ ሲጠየቅ መልሱ ከዚያ ይፈለጋል ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ደብዳቤው በስብሰባ ላይ ሲነበብ ግን ሁሉም የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

በሐረር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የማይከራከርበት ነገር ቢኖር አሳማ ነው። ሁለቱም አይበሉትም፤ ሁለቱም አይነኩትም። ቢሮ ውስጥ ስሙን እንኳ የሚጠራ አልነበረም፤ «ያ እንስሳ» ነበር የሚባለው። የዕቃ አጣቢዋ እጄን ከምነክር ሥራውን ልልቀቅ አለች። ሹፌራችን፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው፣ መኪናዬ ላይ አይጫንም አለ። መኪናው የመንግሥት መሆኑን ያስታወሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ጀግና አልነበርኩም። እናቴ ምን ትሠሪያለሽ ስትለኝ የላም ደም እመረምራለሁ እላት ነበር፤ አሳማ ብላት ጠበል ሳታስጠምቀኝ ቤት አታስገባኝም።

ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል መፍትሔ ያመጡት አቶ ዘካሪያ ናቸው። አንድ የብረት ሳጥን አመጡ። ውስጡ አንድ መቀስ፣ አንድ ወረንጦ፣ አንድ የአልኮል ኩራዝና ለብቻዋ የሆነች መቀቀያ ድስት አስቀመጡ። ከዚህ ሳጥን የወጣ ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጋር አይገናኝም፤ የሌላውም ወደዚህ አይገባም። አጣቢዋ አትነካውም፤ እኔ አጥበዋለሁ አሉ። ሹፌሩም ሳጥኑ ተቆልፎ ከኋላ ከሆነ ምን እንዳለበት እኔ ምን አውቃለሁ ብሎ ተስማማ።

እሳቸው ራሳቸው ምን እንደተሰማቸው ጠይቄያቸው ነበር። ሥራ ሥራ ነው፤ መብላት እንጂ መመርመር ሐራም አይደለም አሉኝ። ከእያንዳንዱ የአሳማ ሥራ በኋላ ግን እጃቸውን ሰባት ጊዜ ይታጠባሉ፤ ከሰባቱ አንዱን በአፈር። ነጃሳ የሚሉትን፣ ርኩስ የሆነውን፣ የነካ ሰው አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ለዚህ ሲሉ ከጓሮው በቆርቆሮ የተነፋ ንጹሕ አፈር አስቀምጠው ነበር። እኔ ውሃ አፈስላቸዋለሁ፤ እሳቸው በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ለመቀለድ ስድስት ላይ ሰባት ሞላ አልኳቸው። ቀና ብለው አይተውኝ ከአንድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አልቀለድኩም፤ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ሳጥኑ የቢሮውን ሰላም ለዓመታት ጠበቀ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች እንኳ ሰምተው ያደንቁ ነበር። በባቢሌ በኩል መኪና የገጨው ከርከሮ ሲገኝ፣ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች የሞተ የጫካ አሳማ ሲያገኙ ሳጥኑን ይዘን እንወጣለን። መደርደሪያችን ላይ ብልቃጦች ተደረደሩ፤ ግማሹን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን፣ ግማሹ እኛ ዘንድ ይቀራል። አቶ ዘካሪያ አልፎ አልፎ ብልቃጥ ያነሱና ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው ያዩታል። ይወዱት ነበር ማለት ይቻላል፤ ስሙን የማይጠሩትን እንስሳ።

የቤት አሳማ ግን በከተማው ዙሪያ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነበር፤ አሥር አለቃ በቀለ ዘንድ። በቀለ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ ወሎ አልተመለሰም፤ አቦከር ከሚባለው ሰፈር ቁልቁል ወጣ ብሎ፣ ሰው ከማይኖርበት ዳገት ሥር በረት ሠራ። የመጀመሪያዎቹን እንስሳት ከደብረ ዘይት አመጣ። ማን ይገዛሃል ብለው ሲስቁበት የድሬዳዋን ሆቴል በደንበኝነት ያዘ፤ በኋላም መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ሲመጡ የሳቁበት ሰዎች ዝም አሉ። እንስሳቱን በማዕረግ ነበር የሚጠራቸው። አውራው ኮሎኔል ነው። ከሥሩ መቶ አለቃዎችና ሻምበሎች አሉ። ለምን ጄኔራል የለህም ስለው ጄኔራል መጀመሪያ ነው የሚሸሸው አለኝ። ሚስቱ አልማዝ ቁጥብ ሴት ናት፤ በሄድን ቁጥር ሻይ ታቀርብልናለች። ለአቶ ዘካሪያ ለብቻው ያስቀመጠችው፣ ገና ያልተነካ አዲስ ብርጭቆ ነበራት። እሳቸውም ይጠጡላት ነበር።

ከበረቱ በታች ያለው እርሻ የኦቦ አህመዲ ነው። ማሽላና ስኳር ድንች ይዘራሉ፤ ጠርዝ ጠርዙን ጫት አላቸው። ሰፊ ቤተሰብ የሚኖርበት መሬት ነው። አንድ ዓመት ማሽላው ሲያሽት ሌሊት ሌሊት እየገባ የሚያወድመው እንስሳ መጣ። ስኳር ድንቹን ቆፍሮ አወጣው። ዱካው የአሳማ ነው። ጫካው ውስጥ የዱር አሳማ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ግን አጠገባቸው ደግሞ የበቀለ በረት አለ። ሰው የሚያየውን ነው የሚጠረጥረው። ኦቦ አህመዲና ልጆቻቸው አድብተው አንዱን በጦር ወጉት፤ ቆስሎ ወደ ጨለማው ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ሲያገኙት ጅቦች ቀድመዋቸዋል። የተረፈው ፀሐይ ያደረቀው፣ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ቆዳ ብቻ ነበር። የበቀለም አሳማዎች ጥቁር ናቸው። ገና ማዕረግ ያላገኙት ወጣቶቹ ይወለዱም ይሸጡም ስለነበር ጎድሏል አልጎደለም ብሎ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም፤ በቀለ ራሱም።

ጉዳዩ ቀበሌ ደረሰ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛም ለሙያ ተጠራን። በቀለ የቆመው እንደ ወታደር ነው፣ እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ።

«ማሽላው ካሸተ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ በረቱን እየዞርኩ ነው የምጠብቀው። አንድም አልወጣም። ይህ ቃሌ ነው» አለ።

ኦቦ አህመዲ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እኔ አንተን መች ከሰስኩ? ማሽላዬን የበላውን ነው የከሰስኩት። ያንተ ከሆነ ውሰድልኝ፤ የጫካው ከሆነ አላህ ይወቀው» አሉ።

ኮሚቴው ወዲህ ወዲያ ሲል አቶ ዘካሪያ እጃቸውን አወጡ። ሰው ከሚጣላ መጠየቂያ መንገድ አለ፤ ከበረቱ እንስሳትና ከዚህ ቆዳ ናሙና ወስደን አዲስ አበባ እንልካለን፤ እዚያ የዱሩና የቤቱ ዘር የሚለይበት መሣሪያና የሚወዳደርበት ክምችት አለ አሉ። ሁሉም ደስ አለው። ቆዳው የበቀለ እንስሳ ከሆነ በረቱ ይነሳል፤ ካልሆነ ማንም በቀለን አይናገረውም ተብሎ ተወሰነ። በቀለ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ይመስል ነበር። የሚመሰክርለት ያገኘ መስሎት ነበር።

በማግስቱ ሳጥናችንን ይዘን ወረድን። ነፋስ ነበር። በቀለ ከበረቱ እያወጣ ያዘልን፤ አቶ ዘካሪያ ቆረጡ፤ እኔ ብልቃጥ ከፍቼ ተቀበልኩ። ሌላ ጊዜ መቀሱን በአልኮል ጠርገው በኩራዙ እሳት ያሳልፉት ነበር። የዚያን ቀን ኩራዙ በነፋሱ እየጠፋ አስቸገረ፤ ሁለት ሦስቴ ሞክረን ተውነው። በጥጥና በአልኮል እየጠረጉ ቀጠሉ። መጨረሻ የተቆረጠው ኮሎኔል ነበር፤ ወፍራም ጆሮ ስለነበረው ብዙ ደማ። መቀሱ ተጠረገ። ከዚያ ኦቦ አህመዲ ቆዳዋን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለው አመጡ፤ ከእሷም ተቆረጠ። አልማዝ ሻይ አፈላችልን። ጠጥተን፣ ስለ ዝናቡ አውርተን ተመለስን።

መልሱ ወራት ፈጅቶ መጣ። ቆዳው የቤት አሳማ ነው፤ ከተላኩት የበረቱ እንስሳት ጋርም ይመሳሰላል ይላል። ማኅተም አለበት። ኮሚቴው ፊት ሲነበብ በቀለን አየሁት። አልጮኸም፤ አልተሟገተም። አንዴ ወደ አቶ ዘካሪያ፣ አንዴ ወደ ወረቀቱ አየ። ከዚያ «እንግዲህ ተኝቼ ይሆናል» አለ።

በረቱ ተነሳ። ሲሸጥ ገዢው የበቀለን መቸኮል ስላወቀ በገዛ ፈቃዱ ዋጋ ቆረጠለት። ኮሎኔልም፣ ያረገዙትም ቻይናዎቹ ዘንድ ሄዱ። ካዘንኩባቸው የሥራ ቀናት አንዱ ነው፤ ግን ያዘንኩት ለበቀለ እንጂ ወረቀቱን ተጠራጥሬ አልነበረም። ማናችንም አልተጠራጠርንም። በቀለ ሥራ ሲፈልግ ደግሞ ለዘበኝነት የሚቀጥረው ጠፋ። የገዛ ከብቱን እየጠበቀ የተኛ ሰው የእኔን መጋዘን ሊጠብቅ ነው ወይ ይሉ ነበር። ጫት ተራ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት ማሽላው ሲያሽት ኦቦ አህመዲ ቢሯችን መጡ። በማዳበሪያ ከረጢት ቆዳ ይዘዋል፤ ከረጢቱን ከራሳቸው አርቀው ነው የያዙት። በረቱ ቦታ ሣር በቅሏል፤ ማሽላው ግን እንደ አምናው እየተበላ ነው።

«አሁን የማን ነው እንበል?» አሉ። ንዴት አልነበረባቸውም፤ አፍረው ነበር።

አቶ ዘካሪያ ሳጥኑን ከፈቱ። መቀሱን አነሱ፤ ወደ ቆዳው አስጠጉና ቆሙ። መቀሱን መልሰው አስቀመጡ፤ ተቀመጡም። በመጨረሻ «አምና ከቆዳው በፊት የቆረጥነው ማንን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኮሎኔልን» አልኳቸው።

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እኛ የተማርነው ጀርምን ነው። አልኮል ጀርም ይገድላል፤ እሳትም ይገድላል። መቀሱ ላይ የቀረች የደም ጭረት ግን እሳት ካላቃጠላት ብትሞትም እዚያው ናት፤ አልኮሉ እንዲያውም ያቆያታል። ዘረመል የሚመረምር መሣሪያ ሕያው ይሁን ሙት አይጠይቅም። ፀሐይ የጨረሰችው የቆዳው ላይኛ ክፍል ምንም አልሰጠውም፤ የኮሎኔል ትኩስ ደም ሰጠው። ለከብቱ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር። የከብቱ መሳቢያ ውስጥ ሙሉ ደርዘን መቀስ አለን፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ እያነሳን ተመልሰን በአንድ ላይ እንቀቅላለን። ለአሳማ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ከሌላው ጋር እንዳይገናኝ፣ ማንም ቅር እንዳይለው። ከሰው ጋር እንድንስማማ ብለን የለየነው መቀስ የዱሩንና የቤቱን አገናኘው። ይህን የመሰለ ስሕተት ሌላ አገር የሚሠራ አይመስለኝም። እዚያ በክፋት ይሳሳታሉ ወይ በስንፍና፤ እኛ በይሉኝታ ተሳሳትን።

አቶ ዘካሪያ ያን ቀን ጀጎል አልገቡም ማለት ይቀላል፤ ስልክ ቤት ነው የዋሉት። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ እስቲ ልየው አለ። የአምናው ብልቃጥ አልተጣለም ነበር። ክምችት የሚባለው ነገር ጥቅሙ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ ብልቃጥ መደርደር መስሎኝ ነበር። ቆዳዋን ከላይ አጥበው፣ በአዲስ ምላጭ ከውስጥ፣ ከፀጉሩ ሥር ወስደው እንደገና መረመሩ። የዘንድሮውንም ቆዳ በአዲስ ምላጭ ቆርጠን ላክን። መልሱ መጣ፤ ሁለቱም የጫካ አሳማ።

ስም ወዳዱ አለቃችን ወረቀቱን አንብቦ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ጉዳዩ የተዘጋ ነው፤ እንስሳቱ ተሽጠዋል፤ አሁን ብንናገር የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጎድፋል እንጂ ለሰውየው የሚመለስለት ነገር የለም አለ። ልክ የሚመስል ነገር ነበረው፤ አለቆች የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ልክ ይመስላል።

«መሥሪያ ቤቱን ማን ና አለው? የምሄደው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ዘካሪያ። ከዚያ በፊት ለአለቃ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም ከፍ አላደረጉም።

ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን። ኦቦ አህመዲ ሳይጠሩ ነው የመጡት፤ በጆንያ ስኳር ድንች ተሸክመው። በቀለ አቦከር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ከሥራ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ደረስን። አልማዝ መቀመጫ አቀረበችልን፤ ስቶቭ ላይ ውሃ ጣደች። ወደ እኛ ብዙም አላየችም።

አቶ ዘካሪያ ሁሉንም ነገሩት። ነፋሱን፣ ኩራዙን፣ መቀሱን፣ ደሙን። ሳይቸኩሉ፣ እጃቸውን እንደሚታጠቡ ሁሉ አንድም ቦታ ሳያልፉ። መሣሪያው ነው፣ አዲስ አበባ ነው አላሉም። ሲጨርሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«የቆረጠው የእኔ እጅ ነው። አፉ በለኝ፣ በቀለ» አሉት።

ኦቦ አህመዲም «እኔንም አፉ በለኝ። ማሽላዬ አሳውሮኝ ነው» አሉ።

በቀለ እግሩን ከውሃው አላወጣም። ስለ በረቱ ይጠይቃል፣ ካሳ ይላል፣ ይሳደባል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ቢሳደብ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስለዚህ አልተኛሁም» አለ።

«አልተኛህም» አሉት አቶ ዘካሪያ።

«ጌታዬ፣ እኔ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ያንን ወር ሌሊት ሌሊቱን አስታውሼ አስታውሼ ጨረስኩት። የቱ ላይ ነው ያንቀላፋሁት እያልኩ። ወታደር ጥበቃ ላይ ከተኛ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ከብቱን ትቼዋለሁ። ይሄ ነው የበላኝ።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? አልተኛሁም።»

አልማዝ የሻዩን ውሃ እያየች ነበር።

«እኔ መቼ ተኛህ አልኩ?» አለች። «ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። በረቱን ስትዞር ጫማህ ድንጋዩን ሲረግጥ እሰማ ነበር፤ ስትቆም እነቃለሁ፣ ስትሄድ እተኛለሁ። አንድም ሌሊት አልቀረህም። ለኮሚቴው ልናገር ብልህ ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ይሰማታል አልከኝ። በኋላ ደግሞ ለእኔ ብለሽ ነው የምትይው አልከኝ።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ከሁላችንም መርጣ ያየችው እኔን ነው።

«እናንተም ቤቴ ገብታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ሄዳችሁ። ከአሳማው ሁሉ ጆሮ ወሰዳችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ኮሚቴው አልጠየቃትም፤ ኦቦ አህመዲ አልጠየቋትም፤ እኔም ብርጭቆዋን ይዤ ስለ ዝናብ ነበር ያወራኋት። በቀለ ራሱን ደፍቶ ውሃውን ያያል። ኦቦ አህመዲ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚሉት አይሰማም።

አቶ ዘካሪያ እንደ ቆሙ ነበሩ። ለመሄድ የተነሱ መስሎኝ እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን መቀመጫውን ወደ እሷ አስጠግተው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ልጠይቅሽ» አሏት። «የምትሰሚው ከየትኛው በኩል ነበር?»

አልማዝ ስቶቩን አጠፋችና መናገር ጀመረች።